ሳይናገሩ ያስተማሩን ጨዋታዎች

በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ያደግን ሰዎች ስለ ልጅነታችን ማውራት ስንጀምር፣ ብዩ፣ ቆርኪውና የጨርቅ ኳሱ ከተነሱ በኋላ ወሬው ዞሮ ዞሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ላይ ያርፋል። በዚያን ጊዜ ፕሌይስቴሽን ቤት የሌለው ሰፈር ነበር ለማለት ይከብዳል። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ በሯ ላይ የተሰቀለ አሮጌ መጋረጃ፣ ሁለት ወይ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ግድግዳ ተደግፎ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር። የሚጫወተው ሁለት ልጅ፣ የሚያየው ግን ክፍል ሙሉ።

ይህን ትዝታ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ጭቅጭቁና ከቤት ተደብቆ ስለ ወጣበት ቀን ነው። እኔም እነዚህን ሁሉ እወዳቸዋለሁ። ስለ ጨዋታዎቹ ራሳቸው ግን፣ የሰው እጅና አእምሮ ሥራ ስለመሆናቸው፣ የሚገባቸውን ያህል አልተወራም ብዬ አምናለሁ። ጃፓንኛ አንድ ፊደል የማናውቅ፣ እንግሊዝኛችንም ከትምህርት ቤት ደብተር ያልወጣ ልጆች ነበርን። መመሪያ ወረቀት አላየንም፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ትልቅ ሰውም አልነበረንም። ሆኖም እነዚያን ጨዋታዎች ገና እንደያዝናቸው ተረድተናቸዋል። ይህ የሆነው እኛ የተለየን ጎበዞች ስለነበርን አይደለም። ጨዋታዎቹን የሠሩት ሰዎች አንድም ቃል ሳይናገሩ ማስተማር ያውቁበት ስለነበር ነው።

ከፕሌይስቴሽኑ በፊት «ቲቪ ጌም» የምንለው ነበር። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጎረቤታችን የነበሩ እናት ቤት ነው፤ ትልቋ ልጃቸው ከጅዳ ለዕረፍት ስትመጣ ለታናናሾቿ ይዛው መጥታ ነው። አንድ ነጭ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ሽጉጥና አንድ ቢጫ ካሴት። ካሴቱ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ጨዋታ እንዳለው ተጽፏል፤ ዝርዝሩን ወደ ታች ስንወርድ ግን ያው ጨዋታ ስሙን እየቀያየረ ተመልሶ ይመጣል። ያ ሳጥን ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበው ፋሚኮም የተባለ መሣሪያ ቅጂ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዋናው መሣሪያ በወጉ ያልደረሰባቸው ብዙ አገሮች እነዚያን ጨዋታዎች የተዋወቋቸው እንዲህ ባሉ ቅጂዎች አማካይነት ነው። እኛም ከዚያ ሰፊ ዓለም አንዱ ጥግ ነበርን።

መጀመሪያ ጆይስቲክ የጨበጥኩት ሱፐር ማሪዮ ላይ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 የወጣ ሲሆን፣ ሺገሩ ሚያሞቶ እና ታካሺ ቴዙካ ነድፈውታል፤ ሙዚቃውን የሠራው ኮጂ ኮንዶ ነው። ይህን ጨዋታ ሚሊዮኖች ተጫውተውታል። የመጀመሪያዋን ደረጃ አጀማመር ረጋ ብሎ የተመለከተ ግን ጥቂት ነው። እስቲ አብረን እንየው።

ማሪዮ የሚቆመው በስክሪኑ ግራ በኩል ነው። ከፊቱ ባዶ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከኋላው ምንም ቦታ የለም። ስለዚህ ጆይስቲኩን የያዘ ማንኛውም ልጅ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጥቂት እንደተራመደ የጥያቄ ምልክት ያለበት የሚያብለጨልጭ ሳጥን ከላይ ይታየዋል፤ ከታች ደግሞ ፊቱን ያኮሳተረ ትንሽ ፍጡር ወደ እሱ ይመጣል። ፊቱን ያኮሳተረ ነገር ወዳጅ እንዳልሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ልጁ ዝም ብሎ ከቀጠለ ይሞታል፤ የሞተው ግን ገና መነሻው ላይ ስለሆነ ያጣው ነገር የለም። በሁለተኛው ይዘላል። ሲዘል ወይ ጠላቱን ይረግጠዋል፣ ወይ ሳጥኑን በራሱ ይመታዋል። አለፍ ብሎ ካለው ሌላ ሳጥን ደግሞ እንጉዳይ ይወጣና ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ከአረንጓዴው ቱቦ ጋር ይጋጫል፣ ተመልሶ ወደ ማሪዮ ይመጣል። ልጁ ይህኛውንም ጠላት መስሎት ሊዘልለው ቢሞክር ከላይ የተደረደሩት ጡቦች መልሰው ያወርዱታል። እንጉዳዩ ይነካዋል፤ ማሪዮ ያድጋል። እንጉዳይ መልካም ነገር መሆኑ በዚያችው ቅጽበት ታወቀ።

ሚያሞቶ ከዓመታት በኋላ እንዳስረዳው ይህ ሁሉ ታስቦበት የተደረገ ነው። የቱቦው ቦታ፣ የጡቦቹ ከፍታ፣ የጠላቱ ፊት፣ የመጀመሪያው ባዶ ሜዳ፣ ሁሉም ትምህርት ናቸው። ከዚያ ወረድ ብሎ ደግሞ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መወጣጫ ደረጃዎች ይመጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው መሬት ድፍን ነው፤ የወደቀ ልጅ ምንም አይሆንም። ትንሽ ቆይቶ ያው ቅርጽ ይደገማል፤ አሁን ግን መካከሉ ጉድጓድ ነው። ልጁ ዝላዩን አደጋ በሌለበት ቦታ ተለማምዶ ነው አደጋው ዘንድ የደረሰው። «ተጠንቀቅ» የሚል ጽሑፍ የለም፤ ቀስት የለም፤ እጁን ይዞ የሚመራው የለም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለተማሪው ካለ አክብሮት የሚመጣ ነው። ሠሪዎቹ ልጁ ራሱ እንደሚደርስበት አምነውበታል።

የሚገርመው ደግሞ የነበራቸው ቦታ ማነሱ ነው። ያ ጨዋታ ጠቅላላ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። 32 ደረጃ፣ ሙዚቃው፣ ጠላቶቹ፣ ሰማዩና ባሕሩ በዚያች ውስጥ ነው የገቡት። ስለዚህ ያላቸውን መልሰው መላልሰው ተጠቀሙበት፤ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለየው ቀለማቸው ብቻ ነው። ማሪዮ ራሱ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ዶንኪ ኮንግ ላይ ሲሆን፣ ኮፍያ ያደረገው በጥቂት ፒክስል ፀጉር መሣል ስላስቸገረ፣ ሪዝ ያወጣው ደግሞ አፉን መሣል ስላልተመቸ ነው። ዓለም በአንድ አፍታ የሚለየው መልክ ከችግር የተወለደ ነው።

ከዚያም በፊት የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ እ.ኤ.አ. በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ፣ መሣሪያው ያን ሁሉ ወራሪ በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ለማንቀሳቀስ አቅም አነሰው። ተጫዋቹ ወራሪዎቹን እየገደለ ሲሄድ የሚሣለው ቁጥር ይቀንሳል፤ የቀሩትም እየፈጠኑ ይመጣሉ። ኒሺካዶ ይህን እንደ ጉድለት አይቶ አላስተካከለውም፤ ተወው። በዚህም ጨዋታው ወደ መጨረሻው በተቃረበ ቁጥር ልብ የሚያስመታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ በርካታ ጨዋታዎች ውስጥ ያለው «እየከበደ መሄድ» ከዚህ ብዙ ተምሯል።

ሆኖም ችግር ብቻውን ጥበብ አይወልድም። እ.ኤ.አ. በ1982 አታሪ ኢ.ቲ. የተባለውን ፊልም ወደ ጨዋታ ሲቀይር ለሠሪው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። ተጫዋቹ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ለምን እንደወደቀ አይገባውም፤ ወጥቶ እንደገና ይወድቃል። ብዙ ካሴት ሳይሸጥ ተረፈና ከሌሎች ጋር በኒው ሜክሲኮ በረሃ አላሞጎርዶ ከተማ ተቀበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። በማሪዮ ጉድጓድና በኢ.ቲ. ጉድጓድ መካከል ያለው ልዩነት የማሽን አቅም አይደለም። በአንደኛው የወደቀ ልጅ የወደቀበትን ምክንያት ያውቃል፤ በሌላኛው አያውቅም። እኔ ድሮ የተሠራን ጨዋታ ጥሩ ወይም መጥፎ የምለው በዚህ ነው፤ ስሞት ለምን እንደሞትኩ ይገባኛል ወይ?

በዚያ ቢጫ ካሴት ውስጥ ከሁሉም በላይ ልባችንን የገዛው ታንክ ነው። እውነተኛ ስሙ ባትል ሲቲ ሲሆን ናምኮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ነው። ስክሪኑ ታችኛው ክፍል መሐል ላይ በጡብ የታጠረ ንስር አለ፤ የጠላት ታንኮች ከላይ ይመጣሉ፤ ሃያውን ካጠፋህ ወደሚቀጥለው ደረጃ ታልፋለህ። ሕጉ ይኸው ነው። ነገር ግን ሁለት ሰው አብሮ ሲጫወተው ሌላ ነገር ይሆናል። የጓደኛህ ጥይት አይገድልህም፤ ለትንሽ ጊዜ ያደነዝዝሃል። የገዛ ጥይትህ ደግሞ የራስህን ንስር ሊመታ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለሁለታችሁም አበቃ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ታንክን ስንጫወት የማይረሳኝ የንስሩ ጉዳይ ነው። እሱ ታች ቀርቶ ይጠብቃል፤ እኔ ወደ ላይ እወጣለሁ። ኮከብ ስትወጣ ጭቅጭቁ ይጀመራል፤ ኮከብ የነካ ታንክ ይጠነክራል፤ ደጋግሞ ካገኘ ብረቱንም ግድግዳ ማፍረስ ይችላል። «አንተ ውሰዳት፣ እኔ አካፋዋን ስትመጣ እወስዳለሁ» ይለኛል። አካፋዋ የንስሩን አጥር ለጥቂት ጊዜ ከጡብ ወደ ብረት ትቀይረዋለች። አንዳንዴ እየተቻኮልኩ ስተኩስ እሱን አደነዝዘዋለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ጠላት በጎን ሰርጎ ይገባል። «ከፊቴ ዞር በል አላልኩህም!» ይላል። ይህን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች አንዲት ትንሽ ሕግ ብቻ ነው የጨመሩት፤ የጓደኛ ጥይት ያደነዝዝ የምትል። ከዚያች ሕግ ግን መነጋገር፣ መጠባበቅ፣ መወቃቀስና መታረቅ ተወለደ። ብዙ ዘመናዊ ጨዋታ በመቶ ገጽ ታሪክ የሚፈልገውን ወንድማማችነት ታንክ በአንዲት ሕግ አምጥቶታል።

በዚያው ጨዋታ ላይ የራስህን ሜዳ የምትሠራበት ቦታም ነበር። ጡቡን፣ ብረቱን፣ ውኃውንና ደኑን እንደፈለግህ ታስቀምጥና ትጫወትበታለህ። የንስሩን ዙሪያ በብረት አጥረን ማንም እንዳይነካው ያደረግንበት ጊዜ ነበር። ጨዋታው ወዲያው ጣዕሙን አጣ። አደጋ የሌለበት ጨዋታ እንደማይጥም ያን ቀን በእጃችን አረጋገጥን፤ ጨዋታ ከውስጥ በኩል ምን እንደሚመስል ያየነውም ያን ጊዜ ነው።

ኮንትራ ሌላው ትዝታዬ ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአርኬድ፣ በዓመቱ ደግሞ ለቤት መሣሪያ ያወጣው ነው። አንዲት ጥይት ከነካችህ ሞት ነው። ፏፏቴው ያለበት ደረጃ ላይ ሁለት ሆናችሁ ስትወጡ፣ ፊት የቀደመው ስክሪኑን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ታች የቀረው ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ የፈጠነው የዘገየውን መጠበቅ አለበት። ከባድ ነበር፤ ነገር ግን አላታለለንም። ጥይቶቹ ይታያሉ፤ የሚመጡበት አቅጣጫ ይታወቃል፤ ዛሬ የገደለን ቦታ ነገም እዚያው ነው። ደጋግሞ የሞከረ ልጅ ማደጉን በገዛ ጣቱ ያየዋል።

አንድ ቀን አንድ ልጅ ከሌላ ሰፈር ምሥጢር ይዞ መጣ። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ሠላሳ ነፍስ። ማንም አልጻፈልንም፤ ከአፍ ወደ አፍ ነው የመጣው። ይህን ኮድ መጀመሪያ የፈጠረው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ግራዲየስ የተባለውን ጨዋታ ወደ ቤት መሣሪያ ሲያዞር፣ ጨዋታው ለራሱም ስለከበደው ለሙከራ እንዲረዳው ብሎ ያስገባው ነው። አንድ የጃፓን ባለሙያ ሥራውን ለማቅለል የተጠቀመበት ዘዴ፣ ኢንተርኔት እኛ ቤት ባልደረሰበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ሰፈር ልጅ ጆሮ ደረሰ። እነዚያ ጨዋታዎች ሰውን ከሰው ያገናኙ የነበረው በዚህ መንገድ ነው፤ የጎደለህን ለመሙላት ሰው መጠየቅ ነበረብህ።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ግን ንጉሡ ዊኒንግ ኢለቨን ነው። ይህም የኮናሚ ሥራ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው በተቀዳ ሲዲ፣ አብዛኛውን ጊዜም የጃፓኑ ነው። ሜኑው ጃፓንኛ፣ ስሙ ጃፓንኛ፣ ኮሜንታተሩ ጃፓንኛ። ማንም ግን አልተቸገረም። የትኛው መስመር ላይ ስንት ጊዜ ወደ ታች ወርደን ምን እንደምናገኝ ጣታችን ያውቀዋል። ተጫዋቹን የምንለየው በፀጉሩ፣ በቁመቱና በአሯሯጡ ነው፤ ሮቤርቶ ካርሎስን ለማወቅ ስሙን ማንበብ አያስፈልግም፤ ከግራ መስመር ሲነሳ ሁሉም ያውቀዋል።

የጆይስቲኩ አራት ምልክቶችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሦስት ማዕዘኑን፣ ክቡን፣ ኤክሱንና ካሬውን የነደፈው ቴዩ ጎቶ ነው። ፊደል ወይም ቁጥር ከማድረግ ይልቅ ቅርጽ አደረጋቸው። ክቡ «አዎ»፣ ኤክሱ «አይ» እንዲሆኑ አስቦ ነው፤ በጃፓን ክብ የትክክል ምልክት ነውና። ስለዚህ በዚያ ዘመን የጃፓን ሲዲ ላይ ክቡ ያስቀጥላል፣ ኤክሱ ይመልሳል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲዲ ላይ ግን የሚያስቀጥለው ኤክሱ ነው። እኛ ይህን ያስረዳን የለም። ሲዲው ሲቀየር አንድ ሁለቴ ተደናግረን ጣታችን ይለምደዋል።

ሲዲዎቹ የተቧጨሩ፣ መሣሪያው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የማያርፍ ስለነበር ሌንሱ ይደክማል። ያን ጊዜ ባለቤቱ መሣሪያውን በጎኑ ያቆመዋል፤ አሁንም እምቢ ካለ ይገለብጠውና ጀርባው ላይ ያስተኛዋል። ክፍሉ በሙሉ ዝም ይላል። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። ከዚያ ያ የታወቀው የመክፈቻ ድምፅ ይሰማና ሁሉም ይተነፍሳል። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለው ተራውን ሲጠብቅ ያያል፤ ሲያይ ይማራል። «ጋሼ፣ ከእነሱ ቀጥሎ የኔ ነው» ይላል፤ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አይነቅልም። ወረፋ ላይ ያለው ልጅ ገንዘብ ሳይከፍል ትምህርቱን ይጨርሳል።

የዊኒንግ ኢለቨን ጥበብ ኳሱ ላይ ነው። ኳሷ ከተጫዋቹ እግር ጋር የተሰፋች አይደለችም፤ ትነጠላለች፣ ትርቃለች፣ ትነጠቃለች። በሦስት ማዕዘኑ የምትሰጠው ኳስ ወደ ሰው አትሄድም፤ ሰውዬው ወደሚደርስበት ባዶ ቦታ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ጎበዝ ማለት ቶሎ ቶሎ የሚጫን አይደለም፤ ክፍተት የሚያይ ነው። ሜዳ ላይ ኳስ ያልሆነለት ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ አሰልጣኝ ይሆን ነበር።

ስለዚያ ዘመን መልካሙን ብቻ ማውራት አልፈልግም። ፕሌይስቴሽን ቤት የወንዶች ቦታ ነበር። እህቶቻችን በሩ ላይ ቆመው ወንድማቸውን ከመጥራት በቀር ወደ ውስጥ አይገቡም፤ የገባች እንደሆነ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ብዙ ችሎታ ከዚያ መጋረጃ ውጭ ቀርቷል። እኔ ይህን እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ታናሽ እህቴን ስላየሁ ነው።

እህቴ የነበራት ብሪክ ጌም ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ግራጫ ስክሪን ያለው፣ ከመርካቶ የተገዛ። ውስጡ ያለው ዋናው ጨዋታ ቴትሪስ ነው። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ በሳይንስ አካዳሚው የኮምፒውተር ማዕከል ሲሠራ የፈጠረው ነው። ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ካሬዎቹን በቅንፍ ምልክቶች ነበር የሠራቸው። ከአራት ካሬ የሚሠሩ ሰባት ቅርጾች፣ አንድ ጎድጓዳ ሳጥን፣ ሌላ ምንም የለም። ታሪክ የለውም፤ ጠላት የለውም፤ የመጨረሻ ድልም የለውም። መስመሩ ሲሞላ ይጠፋል፤ የተሳሳትከው ብቻ ተቆልሎ ይቀራል።

እህቴ በዚህ ማንም አይደርስባትም ነበር። እናቴ የፕሌይስቴሽን ቤት ስም ሲጠራ የማትወድ ሰው ሆና ሳለ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያቺን ግራጫ ነገር ከእህቴ እጅ ትወስዳለች። እናቴ ቀለም አልቆጠረችም። ማንም ሕጉን አልነገራትም። ጥቂት ካየች በኋላ ረጅሟን ዘንግ ለመጨረሻዋ ክፍተት እየጠበቀች፣ «ነይ እንጂ፣ ነይ» ትላት ጀመር። ሞስኮ ያለ የሒሳብ ሰው ያሰበው አሳብ፣ ያለ አንድ ቃል፣ የእናቴ አእምሮ ውስጥ ገባ። እኔ ስለ ጨዋታ ዲዛይን ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ያሳመነኝ የለም። የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ቴትሪስንና ፓክማንን ጨምሮ 14 ጨዋታዎችን በስብስቡ ውስጥ ሲያስገባ አልገረመኝም።

ገንዘብም ጨዋታን ይቀርጻል። የአርኬድ ጨዋታዎች ከባድ የሆኑት በከፊል ሳንቲም ስለሚፈልጉ ነው፤ ተጫዋቹ በጥቂት ደቂቃ ካልሞተ ማሽኑ አያተርፍም። ይህን መርሳት አይገባም፤ የድሮው ዘመን ንጹሕ ነበር ማለት አንችልም። ሆኖም ያ ማሽን የሚሸጠው ሌላ ዕድል እንጂ ብልጫ አልነበረም። ሳንቲም የጨመረው ልጅ ከባላጋራው የተሻለ ታንክ አይሰጠውም። ዛሬ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቾች በታሸገ ካርድ ይሸጣሉ፤ ውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቅ ትከፍላለህ፤ ብዙ የከፈለ የተሻለ ቡድን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ቁማር ነው ብላለች፤ በዓመቱም ኢኤ የተባለው ኩባንያ በፊፋ ጨዋታው ውስጥ ለካርዶቹ መግዣ የሚሆነውን ነጥብ በዚያ አገር መሸጥ አቁሟል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሀብታሙም ድሃውም ልጅ ያው ብራዚልን ነበር የሚመርጠው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ጣቱና ዓይኑ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ መጥፋታቸው ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከወጡት የድሮ ጨዋታዎች 87 በመቶው ያን ጊዜ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። ጨዋታ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ አይጠብቅም፤ መሣሪያውም አብሮ መኖር አለበት። የዚያ ቢጫ ካሴት የዳክዬ አደን ጨዋታ ለዚህ ምስክር ነው። ቃታውን ስትስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ ካሬ ይበራል፤ ሽጉጡ ውስጥ ያለው ዓይን ያን ብርሃን ካየ መታህ ይላል። ይህ የሚሠራው በዚያ ዘመን ከኋላው ወፍራም በነበረው ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ሽጉጡ ቢገኝ እንኳ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ላይ አይሠራም።

ይህን ሁሉ ስናገር «ልጅነትህ ናፍቆህ ነው» የሚሉኝ አሉ። ናፍቆኛል፤ እውነት ነው። ትዝታ ግን ከጥሩ ሥራ ተለይቶ የሚፈተንበት መንገድ አለ፤ ትዝታ ለሌለው ልጅ ስጠው። የእህቴ ልጅ ስለ ፋሚኮም ሰምታ አታውቅም። ማሪዮን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ዝም አልኳት። ወደ ቀኝ ሄደች፤ ሞተች፤ ዘለለች፤ ሳጥኑን መታች፤ እንጉዳዩ ሲመለስባት ጮኸች፤ ማሪዮ ሲያድግ ሳቀች። ከብዙ ዓመት በፊት ጎረቤታችን ቤት የሆነው ነገር በሙሉ በቅደም ተከተሉ ሆነ። እሷ የሚናፍቃት ነገር የላትም፤ ጨዋታው ግን አስተማራት። እዚያው ካሴት ውስጥ ከነበሩ ሌሎች ጨዋታዎች መካከል ለእኔ የሚናፍቁኝ ለእሷ ግን ወዲያው የሰለቿት አሉ፤ እነዚያ የእኔ ትዝታ ብቻ ናቸው። ማሪዮ፣ ታንክና ቴትሪስ ግን ከትዝታዬ በላይ ናቸው።

ይህን ለአገራችን ወጣት ጨዋታ ሠሪዎች ማለት እፈልጋለሁ። ዛሬ እዚህ ጨዋታ የሚሠሩ አሉ፤ ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮን ይዞ የመጣው የቅኔ ጌምስ ኩኩሉ አንዱ ነው። ትልቅ ስቱዲዮና ትልቅ ገንዘብ የለንም ማለት እንደ ዕዳ ብቻ መታየት የለበትም። ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር፣ ማንበብ የማይችሉ ብዙ አዋቂዎች ባሉበት አገር፣ ሳይናገር የሚያስተምር ጨዋታ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ገበጣን ማንም መመሪያ ሳይጽፍልን በሰው ትከሻ ላይ አሻግረን በማየት የተማርን ሕዝብ ነን፤ እውቀቱ በእጃችን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጻፈውን ማብራሪያ ሰርዙት። የጉድጓዱን ስፋት፣ የጠላቱን ፊት፣ የመጀመሪያዋን ባዶ ሜዳ አስተካክሉ። ከዚያ ማንበብ ለማትችል እናት ስጧትና ዝም ብላችሁ እዩ፤ ከገባት ጨዋታችሁ ተሠርቷል፤ ካልገባት ጥፋቱ የእሷ አይደለምና ተመልሳችሁ ሥሩት።